የቅየሳ ድንጋዮችን ስለ መፈለግ

አንዳንድ ሰው የዕረፍት ቀኑን ዓሣ በማጥመድ፥ አንዳንዱ ቴምብር በመሰብሰብ፥ አንዳንዱም ገበጣ በመጫወት ያሳልፈዋል። እኛ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋራ ሆነን የቅየሳ ድንጋይ መፈለግ ጀምረናል። ይህን የሰሙ ወዳጆቻችን መጀመሪያ ይሥቃሉ፤ ቀጥለውም «የጠፋ በሬ መፈለግስ ደግ ነው፤ ድንጋይ ግን በወሎ ምድር መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» ይሉናል። ነገሩ እንደሚመስላቸው አይደለምና፥ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚወድ አንባቢ ቢኖር የምናውቀውን ያህል ልንጽፍለት ወደድን።

የቅየሳ ድንጋይ የምንለው ቀያሾች አገር ሲለኩ ልካቸው ያረፈበት ቦታ እንዳይጠፋ የሚተክሉት ምልክት ነው። ዓይነቱም ሁለት ነው። አንደኛው በኮረብታና በተራራ ራስ ላይ የሚተከለውና የቦታውን ስፍራ የሚያስታውቀው ነው፤ ይኸውም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን፥ ከመነሻው መሥመርም ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ሁለተኛው ቤንች ማርክ የሚባለውና ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ የሚያስረዳው ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ በመንገድ ዳር፥ በድልድይ ራስና በጠንካራ ሕንፃ እግር ይገኛል። ሁለቱም ሲያዩአቸው እምብዛም አያስደንቁም። በአለት ወይም በሲሚንቶ ውስጥ የተተከለ፥ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ክብ ነሐስ ነው፤ በመካከሉ ነጥብ ወይም መስቀል፥ በዙሪያውም ቁጥርና የተተከለበት ዓመት ይቀረጽበታል። አንዳንዱ ነሐስም የለው፤ የብረት ዘንግ ጫፍ ብቻ ከሲሚንቶው ብቅ ብሎ ይታያል።

ቀያሽ የአንዲቱን ሦስት ማዕዘን አንድ ጎን በብርቱ ጥንቃቄ ከለካ በኋላ፥ ከዚያ ወዲያ ከተራራ ወደ ተራራ በቴዎዶላይት እያየ ማዕዘኑን ብቻ በመለካት የቀረውን ርቀት በሒሳብ ያገኘዋል። እንዲህ አድርጎ ሸለቆውን ሳይወርድ፥ ወንዙንም ሳይሻገር አገር ይለካል። በልጅነታችን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት መምህራችን በጣታቸው አንጓ ባሕረ ሐሳብ እየቈጠሩ የፋሲካን ቀን ሲያወጡ አይተን ተደንቀን ነበር፤ ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን የማዕዘን ሒሳብ ባየን ጊዜ ያው መደነቅ ተመለሰልን።

ዳሩ ግን ወደዚህ ነገር ያመጣን ሒሳቡ ሳይሆን ሥራችን ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ዕድሜውን የድንበር ክርክር ሲጽፍ ይኖራል። በመዝገቡ ውስጥ «በምሥራቅ ዋርካው፥ በምዕራብ ጅረቱ፥ በሰሜን የእገሌ ማሳ» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። ዋርካው ግን ተቈርጦ ከሰል ሆኗል፤ ጅረቱም በክረምት ጎርፍ መንገዱን ለውጧል፤ እገሌም ሞቶ ማሳው ለአራት ልጆች ተከፍሏል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ መሰጠት የጀመረው የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር ስንኳ መሬቱ በገመድ ተለክቶ፥ አዋሳኞቹ በስማቸው ተጠርተው የተጻፈበት እንጂ ካርታ ያለው አልነበረም። ኋላ ሁለተኛ ደረጃ የተባለው ደብተር ሲመጣ ነው ማሳው በካርታ መታየት የጀመረው።

አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ጥማድ ለማትሞላ መሬት ስድስት ዓመት ሲመላለሱ አየን። ክርክሩ ሳያልቅ ከምስክሮቹ ሦስቱ አረፉ። በመጨረሻ የመሬት ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ ወርዶ ለክቶ፥ ውጤቱን በአንዲት ገጽ ጽፎ አመጣ። በገጿ ግርጌ ልኩ ከየትኛው የቅየሳ ነጥብ እንደ ተነሣ በቁጥር ተመልክቶ ነበር። ወረቀቱ በችሎት ሲነበብ ታላቅየው ወንድም ተነሥቶ «ይህ ነጥብ የተባለው የት ነው? ዐይቼው ልመን» አለ። ባለሙያው በዚያን ቀን አልመጣም ነበርና፥ ከዳኛው እስከ ዘበኛው ድረስ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ታጣ። ፍርዱ በሕጉ መሠረት ተፈረደ፤ ታላቅየውም እየተቈጣ ወጣ። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ግን የሰውየው ጥያቄ ከእኛ ልብ አልወጣም። እርሱ የጠየቀው ነገር ሊታይ የሚገባው ነበርና።

ይህን ጨዋታ እኛ የፈጠርነው አይደለም። በእንግሊዝ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1936 ጀምሮ 6500 ያህል የሲሚንቶ ዐምዶች በየኮረብታው ራስ ተተክለው ነበር፤ ዛሬ ቀያሾቹ በሳተላይት ስለሚሠሩ ዐምዶቹን ሥራዬ ብለው ወጥተው የሚቈጥሩ መንገደኞችና ቤተ ሰቦች ናቸው። በአሜሪካም የባሕር ዳር ቅየሳ መሥሪያ ቤት በ1807 ከተቋቋመ ወዲህ የተተከሉትን የነሐስ ክቦች እየፈለጉ፥ ያገኙትን ደኅና ነው፥ የታጣውንም ጠፍቷል ብለው የሚያስታውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። በእኛ አገር ግን ይህን የሚያደርግ ሌላ ቤተ ሰብ እስካሁን አላጋጠመንም።

የአገራችን ልክ ታሪክ ራሱ ሲያነቡት ደስ ያሰኛል። አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ በፈረንጅ ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ተራሮቹን ራሳቸውን እንደ ምልክት አድርጎ ማዕዘናቸውን ለካ፤ የልኩንም መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ አሳተመ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ከሕንድ የመጡ ቀያሾች አብረው ነበሩ፤ ከዙላ ተነሥተው በአሸንጌ፥ በዋድላና በደላንታ አድርገው እስከ መቅደላ ድረስ መንገዱን ለክተውታል። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዐይኑን የጣለው በመድፉና በዝሆኑ ላይ ስለ ነበረ ቀያሾቹን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ዛሬ የምንፈልጋቸው ምልክቶች ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። በፈረንጅ ከ1957 ጀምሮ ስለ ዓባይ ተፋሰስ ታላቅ ጥናት ሲደረግ የአሜሪካ ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆነው በየተራራው ምልክት ተከሉ። የበሽሎ ወንዝ ወደ ዓባይ የሚገባ ስለ ሆነ ያ ጥናት የተደረገበት አገር ከእኛ ተራሮች ጀርባ እስካለው ድረስ ይደርሳል። በ1964 የታተመው የጥናቱ ጽሑፍ ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በቆመበት አካባቢ ለግድብ የሚመች ስፍራ መኖሩን አመልክቶ ነበር። ቀጥሎም በ1960ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሚሲዮን ልኩን ወደ ሌላው አገር አሰፋው። የራሳችን የካርታ መሥሪያ ቤትም በ1954 በፈረንጅ ተቋቁሞ፥ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለውጦ፥ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ከሚባለው ጋራ ተዋሕዷል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስገርመን የአሮጌው ካርታችን መነሻ ነው። ካርታው በሙሉ የተንጠለጠለው አዲንዳን ከሚባል ነጥብ ላይ ነው። አዲንዳን በግብፅ ደቡብ ጫፍ፥ በሱዳን ወሰን አጠገብ፥ በዓባይ ዳር የነበረ የኑብያ መንደር ነው። በአስዋን የታላቁ ግድብ ሥራ ምክንያት የመንደሩ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ፥ መንደሩንም ውኃ ዋጠው። እንግዲህ በመርሳ የሚኖር ገበሬ ማሳው በአሮጌው ካርታ ላይ ቦታዋን ያገኘችው በውኃ ውስጥ በቀረ መንደር ስም ከሚጠራ ነጥብ ተነሥታ ነው። ይህን ለልጆቻችን ስንነግራቸው አንደኛው «ታዲያ ዓሣዎቹ ካርታውን ያውቁታል?» ብሎ አሣቀን።

አሁን ወደ አጀማመሩ እንምጣ። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ባለ 50 ሺሕ ካርታ ነው፤ በዚህ ካርታ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በኮረብታው ራስ ላይ በመካከሏ ነጥብ ያለባት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከነከፍታዋ ቁጥር ከታየች፥ በዚያ የቅየሳ ምልክት ተተክሏል ማለት ነው። ካርታው ሲታጣ በየወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ያሉ ባለሙያዎችን በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፤ ለሥራቸው የሚገለገሉባቸውን ነጥቦች ያውቃሉ፥ ጠያቂ ስለማያጋጥማቸውም ደስ ብሏቸው ይነግራሉ።

ቀጥሎ ያለው ነገር ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰው ያደክማል። የዛሬው የእጅ ስልክ ቦታን የሚያሳየው ሳተላይቶቹ በሚገለገሉበት በአዲሱ ልክ ነው፤ የአሮጌው ካርታ ቁጥር ግን በአዲንዳን ልክ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ከአሮጌው ካርታ በሜትር ያነበቡትን ቁጥር እንዳለ ወደ ስልክ ያገቡት እንደ ሆነ፥ ስልኩ ከምልክቱ ከ200 ሜትር በላይ አርቆ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወስድዎታል። በእኛ አካባቢ ወደ ምሥራቅ 100 ሜትር ግድም፥ ወደ ሰሜንም 200 ሜትር ግድም መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ከኮረብታው በታች ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሲዞሩ ውለው «ድንጋዩ የለም» ብለው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ስልኩ የሚነግረው ከፍታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስለ ሆነ ባይታመኑበት ይሻላል። ከፍታ መለካት ለባለሙያዎችም ስንኳ አስቸጋሪ ነው፤ የራስ ዳሸን ከፍታ ለብዙ ዘመን 4620 ሜትር ተብሎ በመጻሕፍት ሲጻፍ ኖሮ፥ ዛሬ አንዱ 4550፥ ሌላው 4533 ይላል።

ቤንች ማርክ ለመፈለግ ግን ተራራ መውጣት አያስፈልግም። ከወልድያ ተነሥተው በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ሲወርዱ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ 1850 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ መርሳ ደግሞ 1600 ሜትር ያህል ናት። የከፍታው ልዩነት ያለ መሣሪያም ይታያል፤ በላይ ጤፉን እያዩ ጀምረው፥ ማሽላውን አልፈው፥ ከታች ብርቱካንና ፓፓያ ይደርሳሉ። በዚህ መንገድ ላይ ድልድይ ባገኙ ቁጥር ቆም ብለው በራሱና በግንቡ ላይ መመልከት ነው። መንገድ ሲታደስ የተተከሉ አጫጭር የሲሚንቶ ምልክቶችም በቀይ ቀለም ቢ ኤም የሚሉ የላቲን ፊደሎችና ቁጥር ተጽፎባቸው ይገኛሉ። በጣልያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ መኪና እንዲሄድበት በተሠራው በዚህ መንገድ ላይ የሚታየው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ግን የመንገዱን ርዝመት እንጂ ከፍታን አይናገርምና፥ ጀማሪዎች አንዱን ከሌላው እንዳያደባልቁ እንመክራለን። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራው ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሀራ ገበያ በሚደርሰው የባቡር ሐዲድ መሥመርም ብዙ ምልክቶች ተተክለዋል፤ ወደ ሐዲዱ ግቢ ግን ያለ ፈቃድ መግባት አይገባም።

በኮረብታ ራስ ያለውን መፈለግ ጣዕሙ ልዩ ነው። ስልኩ እዚህ ነው ካለ በኋላ ገና ብዙ ሥራ ይቀራል። በመጀመሪያ ሣሩን በእጅ ገለጥ ማድረግ፥ የድንጋይ ክምር ወይም የነጭ ቀለም ርዝራዥ እንዳለ ማየት ይገባል። ዋናው ባይገኝ ተስፋ አይቈረጥም፤ ልምድ ያላቸው ቀያሾች ዋናው ምልክት ቢጠፋ እንዳይቸገሩ በአቅራቢያው ሁለት ወይም ሦስት ረዳት ምልክቶች ይተክላሉ፤ በእነዚህም ላይ ወደ ዋናው የሚያመለክት ቀስት ይቀርጻሉ። አንዳንድ ጊዜም ከዋናው ሥር በጥልቅ ሌላ ምልክት ይቀብራሉ። ልጅ ቀስቱን ተከትሎ እርምጃውን እየቈጠረ ሲሄድ ማየት፥ ለእናትና ለአባት የሚሰጠውን ደስታ የሞከረው ያውቀዋል።

ያ ወንድማማቾቹ የተከራከሩበት ነጥብ የተገኘው እንዲሁ ነው። ከመርሳ በስተምዕራብ ካሉት ኮረብቶች በአንዱ ራስ ነው፤ ስሙን ግን አንጽፍም። እኛ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ከብት ይጠብቁ ነበር። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ «አባቴ፥ በዚህ ጉብታ ላይ ቀያሾች የተከሉት ድንጋይ ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ሲያዩን ቆይተው «አንቱም ወርቁን ፍለጋ ነው የመጣኸው?» አሉን። ቀጥለውም እንዳጫወቱን፥ ልጅ ሳሉ ፈረንጆችና አማርኛ የሚናገሩ ጎልማሶች ድንኳን ተክለው ሌሊት በመብራት ከተራራ ወደ ተራራ ሲጠቃቀሱ አይተዋል። ፈረንጆቹ በሄዱ ጊዜ የመንደሩ ሰው ሁሉ «ይህን ያህል የደከሙት ወርቅ ቢቀብሩ ነው» ብሎ አመነ። ሦስት ጊዜም ተቈፈረ። ነሐሱን አንድ ጎረምሳ በመዶሻ ነቅሎ ለቆራሌው ሸጠው፤ ያገኘው ገንዘብ ለአንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ ስንኳ አልበቃም።

ዋናው ምልክት እንዲህ ሆኖ ቢጠፋም፥ ባለቤታችን ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ከቍልቋል ሥር አንድ ረዳት ምልክት ከነቀስቱ አገኘች፤ ትልቁ ልጃችንም ሁለተኛውን አገኘ። ሁለቱ ቀስቶች የሚገናኙበትን ቦታ በገመድ ብንይዝ፥ በተቈፈረው ጕድጓድ አፍ ላይ የተሰበረው ሲሚንቶ ተገኘ። ሽማግሌው ይህን ባዩ ጊዜ «እንግዲህ ወርቅ የለበትማ!» ብለው ኀዘንም ሣቅም በተቀላቀለበት ድምፅ ተናገሩ። እኛም የማሳ ልክ ሁሉ ከዚህ እንደሚነሣ፥ ይህ ከጠፋ የልጅ ልጆቻቸው ክርክር በምስክር መሐላ ብቻ እንደሚቀር አስረዳናቸው። ከዚያ ወዲያ ረዳቶቹን ምልክቶች የሚጠብቁት እርሳቸው ናቸው። ታላቅየውን ወንድም በአንድ የገበያ ቀን ወደዚያ ይዘነው ወጣን፤ ቀስቱን በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየና «ከዚህ ከሆነስ ይሁን» አለ። ከታናሹ ጋራ ግን እስካሁን አይነጋገሩም። ነጥቡ መጐዳቱን ለሚመለከተው ባለሙያ በጽሑፍ አስታውቀናል፤ የኮረብታውን ስም በጋዜጣ የማናወጣውም አራተኛ ቈፋሪ እንዳይመጣበት ነው።

ለጀማሪ ልንነግረው የሚገባ ጥብቅ ነገርም አለ። አገራችን በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፋለች፤ ወልድያና መርሳም የጦርነቱን መከራ ቀምሰዋል። ከፍ ያለ ኮረብታ ለቀያሽ እንደሚመች ሁሉ ለወታደርም ይመቻል፤ ስለዚህ በኮረብታ ራስ ምሽግ የነበረበት ስፍራ ብዙ ነው። የማይታወቅ ብረት ያየ ሰው፥ ይልቁንም ልጅ፥ እንዳይነካው፥ በእግሩም እንዳይመታው፤ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለቀበሌው ያስታውቅ። ምሽግ በነበረበት ጉብታ እኛ ልጆችን ይዘን አንወጣም፤ ነጥቡ በካርታው ላይ ቢኖርም እንተወዋለን። ጸጥታ በደፈረሰበት ጊዜ ደግሞ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ካርታ ዘርግቶ አገር መቃኘት ሌላ ነገር ያስመስላል። ስለዚህ አስቀድሞ ለቀበሌው አስተዳደርና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ሳይነግሩ መውጣት ፈጽሞ አይገባም፤ አትሂዱ ያሉ እንደ ሆነ ቤት መዋል ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ እሑድ በዚህ ምክንያት ቤታችን ውለናል።

ስንቁ ቀላል ነው። ውኃ፥ ዳቦ፥ ካርታው፥ ስልኩ፥ የልብስ ሰፊ ሜትር፥ አፈር የሚጠርግ ለስላሳ መጥረጊያ፥ እርሳስና ደብተር። አካፋና ዶማ አይያዝም፤ ዶማ የያዘ ሰው ወርቅ ፈላጊ ነው፥ የመንደሩም ሰው እንዲሁ ያስበዋል። በደብተሩ ላይ ቀኑን፥ የምልክቱን ቁጥር እንደ ተቀረጸው፥ ደኅንነቱን፥ በአጠገቡ ያለውን ዛፍና ቤት፥ ያገኘውንም ልጅ ስም እንጽፋለን። የልጁን ስም መጻፍ ከሁሉ የበለጠ ትጋት እንደሚሰጥ ደርሰንበታል።

ትልቁ ልጃችን በቅርቡ ያነሣው ጥያቄ ደግሞ አለ፦ ምድር ራሷ ብትሄድስ? እውነትም ትሄዳለች። ከመርሳ በስተምሥራቅ ምድሩ እየወረደ ወደ አፋር ይዘልቃል፤ በዚያም በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፍቶ፥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ይህን ያህል መራራቁ የታወቀው በሳተላይት ልክ ነው። የእኛ ኮረብቶች ይህን ያህል ባይሮጡም በየዓመቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከነምልክታቸው ይጓዛሉ። ይህን ከሰማ ወዲህ ልጁ ወደ ኮረብታ በወጣን ቁጥር ምልክቱን አስቀድሞ ሰላም ይለዋል።

በደብተራችን እስካሁን አሥራ አንድ ምልክት ተጽፏል፤ ሰባቱ ደኅና ናቸው፥ አንዱ ተሰብሯል፥ ሦስቱ በመንገድ ሥራና በድንጋይ ፈላጮች ጠፍተዋል። በጊራና በኩል በካርታ ላይ ያየናቸውን ሁለቱን ደግሞ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ለማየት አስበናል፤ ከዚያ በፊት ማሳ መርገጥ ይሆናልና። ታናሺቱ ልጃችን መጥረጊያውን አጥባ በምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች።